ተረትም እንደ ዘር ተመርጦ ይዘራ

የጋይንት ደጋ ገበሬ ገብሱን ወቅቶ ከጨረሰ በኋላ ለዘር የሚሆነውን ከሚበላው ለይቶ ያስቀምጣል። የነቀዘው፣ የቀጨጨውና እንክርዳድ የተቀላቀለበት ለዘር አይቀመጥም። በክረምት የተዘራው በመኸር እንደሚታጨድ ከአባቱ ተምሯልና። ይሁን እንጂ ይኸው ጠንቃቃ ገበሬ ማታ በምድጃው ዙሪያ ለልጆቹ የሚነገረውን ተረት፣ ቀን ደግሞ በቀበሌው ትምህርት ቤት የሚነበብላቸውን መጽሐፍ እንዲህ አበጥሮና አንጓሎ መርጦ አያውቅም። በልጅ ልብ የተዘራ ቃል ግን እንደ ገብሱ በአንድ መኸር ታጭዶ የሚያልቅ አይደለም።

በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠሮች አንድ ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ብዙ ነገር ተምሮ ይጠብቃል። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» ሲባል ሰምቷል። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በዓይናቸው ሰው እንደሚበሉ ተነግሮታል። የእንጀራ እናት ሁሉ ክፉ፣ ዓይነ ስውር ሁሉ ለማኝ መሆኑን ከተረት ተረድቷል። ትምህርት ቤት ገብቶ የሚያነበው መጽሐፍ ይህንኑ ከደገመለት አባባሉ በቀለም የተጻፈ እውነት ይሆንበታል። መጽሐፉ ሌላ ነገር ካሳየው ደግሞ መጠየቅ ይጀምራል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው፤ ሁሉንም የሰው ልጅ በክብር የሚያሳይ የልጆች ተረትና መጽሐፍ በክፍል ውስጥ ምን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል፣ የገበሬ ማኅበራት መሪዎችስ በዚህ ረገድ ምን ድርሻ እንዳላቸው መመልከት ነው።

የእስቴው ልጅ ጥያቄ

አንድ ልጅ የሚጠይቀው ጥያቄ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በ1930ዎቹ ማብቂያ ላይ በእስቴ የተወለዱት አቶ ዙምራ ኑሩ ገና ትንሽ ልጅ ሳሉ አንድ ነገር አላስችል ብሏቸው እንደነበር ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። አባትና እናታቸው ቀኑን ሙሉ እኩል በእርሻ ሲደክሙ ይውላሉ። ማታ ቤት ሲገቡ ግን አባት ያርፋሉ፤ እናት ደግሞ ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ፣ ወጥ ይሠራሉ፣ የባላቸውን እግር ያጥባሉ። ሥራው ዘግይቶ ከተገኘም የሚቆጡት አባት፣ የሚቀጡት እናት ናቸው። ልጁ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። ቤተሰቡና ጎረቤቱ ጥያቄውን የጤነኛ ልጅ ጥያቄ አድርጎ አልተቀበለውም። አእምሮው የታወከ መስሎት ነበር።

አቶ ዙምራ መደበኛ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አላገኙም። ይሁን እንጂ ጥያቄአቸውን ይዘው ከቀዬ ቀዬ ሲዞሩ ከቆዩ በኋላ በ1964 ዓ.ም. በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ፣ ከመሰሎቻቸው ጋር የአውራ አምባን ማኅበረሰብ መሠረቱ። በአውራ አምባ ሥራ የሚከፋፈለው በችሎታ እንጂ በፆታ አይደለም። ሴቷ ትጠምዳለች፣ ታርሳለች። ወንዱ ይፈትላል፣ እንጀራ ይጋግራል፣ ልጅ ያዝላል። አቅመ ደካሞች የሚጦሩበት ቤት፣ ሕፃናት የሚማሩበት ክፍልና ቤተ መጻሕፍት አላቸው። ይህ ኑሮ በሰላም የተገኘ አልነበረም። ማኅበረሰቡ ከጎረቤቶቹ ብዙ ጥላቻ ደርሶበት፣ በ1980 ዓ.ም. ገደማ ቀዬውን ለቅቆ እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰድዶ፣ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ተመልሶ ነው በቦታው የጸናው።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው። ፓውሊና ቴርቮ የምትባል ፊንላንዳዊት የፊልም ባለሙያ ስለ አውራ አምባ ከሠራችው ፊልም በመነሣት፣ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ሆና ልጆች በክፍል ውስጥ በኮምፒውተር መንደሩን እየተዘዋወሩ የሚያዩበትና የነዋሪዎቹን ታሪክ የሚሰሙበት የትምህርት መሣሪያ አዘጋጅታለች። ላይፍታ በሚባል ድርጅት አማካይነት ይህ መሣሪያ በፊንላንድና በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ ውሏል። የዚያ አገር መምህር የወንድና የሴት ሥራ የሚባል ነገር አለን? ብሎ ተማሪዎቹን ሲጠይቅ ምሳሌ የሚያደርገው ከእስቴ ማጀት የተነሣውን ጥያቄ ነው። እንግዲህ የፊንላንድ ልጅ የሚማርበት የእስቴ ታሪክ ለእስቴ፣ ለስማዳና ለጋይንት ልጆች ቀርቶባቸው ሊታለፍ አይገባም። የአገር ሰው ታሪክ በአገር ልጅ ቋንቋ፣ በፊደል ተጽፎና በሥዕል ታጅቦ በክፍል ቢነበብ የሚሰጠው ጥቅም ከፍ ያለ መሆኑ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ልጆች የአውራ አምባን ታሪክ ያንብቡ ሲባል የአውራ አምባን ኑሮ በሙሉ ይቅዱ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ቀበሌ ሃይማኖቱና ወጉ አለው። የሚፈለገው ልጁ እናቱ ማታ ማታ ስንት ሰዓት ቆማ እንደምትሠራ እንዲያስተውል ነው።

ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን መስደብ

በእነዚህ ወረዳዎች ከማጀቱ ጉዳይ ባላነሰ ሥር የሰደደው ሌላው ጎጂ ልማድ ባለ እጅን መናቅ ነው። ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድና የሚቆፍርበት ዶማ የቀጥቃጩ ሥራ ነው። እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድ፣ ወጡ የሚሠራበት ድስትና ውኃው የሚቀዳበት እንስራ ከሸክላ ሠሪዋ እጅ የወጣ ነው። የጉናን ብርድ የሚያስታግሰውን ጋቢ የሚሠራው ሸማኔው ነው። ይሁንና «ቡዳ»፣ «ጠይብ»፣ «ፋቂ» የሚሉት ስድቦች እስካሁን ከልጆች አንደበት አልጠፉም። በዕረፍት ሰዓት የባለ እጁ ልጅ ብቻውን ሲቆም፣ ምሳውን ለብቻው ሲበላ፣ በመጨረሻም ትምህርቱን ጥሎ ሲቀር ይታያል።

ይህን ስድብ ሕግ የከለከለው ዛሬ አይደለም። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ከአዋጁ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። እንደዚሁም የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም.፣ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ወጥተው የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት እንዲሆን ተደንግጓል። ሆኖም ያለ ዕድሜ ጋብቻ ገና አልጠፋም። አዋጅ የሚደርሰው እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው። ተረት ግን እስከ መኝታ ይዘልቃል። ስለሆነም በተረት የገባውን ክፉ ሐሳብ በአዋጅ ብቻ ማስወጣት አልተቻለም።

ገበሬው ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። እርሱ ራሱ ወደ ከተማ ሲወጣ «ባላገር» ተብሎ ሲሰደብ ያውቃል። ባላገር ማለት የአገሩ ባለቤት ማለት ሆኖ ሳለ፣ በከተሜው አፍ ያልሠለጠነና ቂል ሰው ማለት እንዲሆን ተደርጓል። በመጽሐፍ ውስጥ ጫማ ያልተጫማው ልጅ ሁልጊዜ የሚሳቅበት፣ የከተማው ልጅ ሁልጊዜ ብልኅ ሆኖ ከቀረበ፣ የስማዳ ልጅ ስለ ራሱ ምን ሊያስብ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በራሱ ላይ ሲደርስ የሚያንገበግበው ነገር በቀጥቃጩ ልጅ ላይ ሲደርስም እኩል እንደሚያንገበግብ መሪዎች ለአባሎቻቸው ሊያስረዱ ይገባል።

መስተዋትና መስኮት

ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ጽሑፍ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የልጆችን መጽሐፍ ከመስተዋትና ከመስኮት ጋር አመሳስለውታል። ልጁ በመጽሐፉ ውስጥ ራሱንና የራሱን ኑሮ ሲያይ መጽሐፉ መስተዋት ነው። የሌላውን ሰው ኑሮ ሲያይበት ደግሞ መስኮት ነው። መስተዋት የሌለው ልጅ የተናቀ ይመስለዋል። መስኮት የሌለው ልጅ ሌላውን ይንቃል። ለሁለቱም የሚበቃ መጽሐፍ ያስፈልጋል ማለት ነው።

በአገራችን ለልጆች የሚሆን መጽሐፍ ጥቂት በመሆኑ ይህን ችግር ለማቃለል የተነሡ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ በቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ለኢትዮጵያ ልጆች መጻሕፍት የሚያቀርብ ድርጅት መሥርተው፣ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከዚያም በሐዋሳ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍት እየተጫኑ ወደ ልጆች እንዲሄዱ አድርገዋል። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ ያዘጋጁት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የልጆች ዝግጅትም በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀምሯል። የዝግጅቱ ዋና ባለ ታሪክ ሁሉን ነገር ለማወቅ የምትጥር የቀጭኔ ልጅ ናት። ጠያቂዋና መልስ ፈላጊዋ ሴት ልጅ መሆኗ ቀላል ነገር አይደለም።

በመንግሥት በኩልም እ.ኤ.አ. በ2010 የተካሄደው የንባብ ምዘና ብዙ የታችኛው ክፍል ልጆች ማንበብ እንደተሳናቸው ካሳየ በኋላ፣ አማርኛን ጨምሮ በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አዲስ የቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል። የመማሪያ መጽሐፍ ብቻውን ግን አይበቃም። ልጁ ከመማሪያው ውጪ የሚያነበው፣ የአካባቢውን ሰው የሚያሳይ የተረት መጽሐፍ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከሩቅ እስኪመጣ ድረስ ታዲያ መምህሩና ኅብረተሰቡ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ የለባቸውም።

በክፍል ውስጥ እንዴት ይሠራበታል?

አዲስ ምርጥ ዘር ለገበሬ የሚተዋወቀው በንግግር ብቻ አይደለም። በሠርቶ ማሳያ ማሳ ተዘርቶ ገበሬው በዓይኑ ሲያየው ነው የሚያምነው። ለልጅም ተረት እንደ ሠርቶ ማሳያ ነው። «ሰውን አትናቅ» ተብሎ ሲመከር የሰለቸ ልጅ፣ በተረቱ ውስጥ የተናቀውን ሰው ሲያይ ራሱ ይፈርዳል። ለምሳሌ መምህሩ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ክፍል የሚከተለውን ዓይነት አጭር ታሪክ ሊያነብ ይችላል።

ደሳለኝና በላይነሽ በአንድ ክፍል ይማራሉ። በላይነሽ የቀጥቃጭ ልጅ ናት። ልጆቹ በዓይኗ ትበላናለች እያሉ ከአጠገቧ አይቀመጡም። ደሳለኝም አብሯቸው ይስቅባታል። አባቷ የልጃቸው ለቅሶ ቢበዛባቸው ወናፋቸውንና መዶሻቸውን አህያ ላይ ጭነው፣ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ከተማ ሄዱ። ሰኔ ገባ። ዝናቡ ጣለ። የደሳለኝ አባት በሬዎቻቸውን ጠምደው ወጡ፤ ማረሻው ዶልዱሞ መሬቱን አልወጋ አለ። የሚስለው ሰው በአካባቢው የለም። ማረሻውን ተሸክመው ሩቅ ገበያ ሄደው እስኪመለሱ ሦስት ቀን ሆነ። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ደርቆ ነበር። በማግሥቱ ደሳለኝ ትምህርት ቤት ሲገባ የበላይነሽን መቀመጫ አየ። ባዶ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። መምህሩ ምክር አይጨምርበትም። ይጠይቃል እንጂ። የተጎዳው ማን ነው? በላይነሽ ብቻ ናት? ማሳውን ያደረቀው ዝናቡ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ደሳለኝ የት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ማድረግ ይችል ነበር? ልጆቹ መልሱን ሲፈልጉ የሚያስቡት ስለ ራሳቸው ክፍል መሆኑ አይቀርም። ሆኖም በክፍሉ ውስጥ ያለችውን የባለ እጅ ልጅ በስም እየጠሩ፣ ወይም ሁሉ እንዲያያት እያደረጉ መጠየቅ ፈጽሞ አይገባም። ታሪኩ የሚጠቅመው ስለ ሌላ ሰው ስለሚያወራ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ መቁጠር ነው። ተማሪዎቹ የመማሪያ መጽሐፋቸውን ሥዕሎች ይመለከታሉ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠንጠረዥ ይሠመራል። ስንት ወንድ ሲያርስ፣ ስንት ሴት ስታርስ፣ ማን ሲመራ፣ ማን ውኃ ሲቀዳ፣ አካል ጉዳተኛ ስንት ጊዜ፣ ገበሬ ስንት ጊዜ እንደሚታይ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ በቤታቸው የሚያዩትን ይቆጥራሉ። እናት በአዝመራ ጊዜ ታጭዳለች፣ ታርማለች፣ ትወቃለች። በመጽሐፉ ካልታየች ምክንያቱ ምን እንደሆነ ይወያያሉ። ይህ ሥራ ሒሳብም ቋንቋም ያስተምራል።

ሦስተኛው ዘዴ ቦታ ማለዋወጥ ነው። አንድ የታወቀ ተረት እንደነበረ ይነገራል። ከዚያ ባለ ታሪኮቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። ብልሁ ወንድ ልጅ ሴት ልጅ ይሆናል፤ ክፉዋ የእንጀራ እናት ደግ ትሆናለች። ልጆቹ ተረቱ ምን እንደሚሆን ይናገራሉ። የጥንት ተረት ይጥፋ ማለት ግን አይደለም። ተረት የአባቶች ቅርስ ነው። ተረቱ ይነገር፤ ከተረቱ በኋላ ግን ይጠየቅ።

መጽሐፍ የለም የሚለው ችግርም በመጠኑ መፍትሔ አለው። በገጠር መምህራን ዘንድ በተለመደው መንገድ፣ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ታጥቦና ተቀዶ፣ በላዩ ላይ ፊደልና ሥዕል በቀለም ይሠራበታል። ታሪኩ በአምስትና በስድስት ከረጢት ላይ በትልልቁ ተጽፎ በአንድ እንጨት ላይ ከተሰፋ፣ ክፍሉ በሙሉ አብሮ የሚያነበው መጽሐፍ ሆነ ማለት ነው።

ከበሽሎ ማዶ የመጣች ምሳሌ

አካል ጉዳተኞችን በተመለከተም የሩቅ አገር ታሪክ መፈለግ አያስፈልግም። ከስማዳ ባሻገር፣ ከበሽሎ ማዶ ባለው በአማራ ሳይንት የተወለደችው የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጣች። በዚያ አካባቢ ልጃገረድ በልጅነቷ መዳር የተለመደ ነበር። እርሷ ግን ዓይነ ስውር በመሆኗ የሚያጫት ባለመኖሩ ከልጅነት ጋብቻ እንደተረፈችና ትምህርት እንዳገኘች ራሷ ተናግራለች። በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ጀምራ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት በመሟገቷ በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች።

ይህ ታሪክ በክፍል ሲነበብ ልጆቹ ሁለት ነገር ያያሉ። አንደኛው ዓይነ ስውር ሁሉ ለማኝ አለመሆኑን ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ግን፣ ጤናማ የነበሩት እኩዮቿ ወደ ትዳር ሲነዱ እርሷን ለትምህርት ያበቃት ሰዎች ጉድለት ያሉት ነገር መሆኑ ነው። የጋይንት ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያ ቤተ ልሔም የምትገኘው በጋይንት ነው። በቃል በሚጠናው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዓይነ ስውራን መምህራንና ሊቃውንት መነሣታቸውን ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ሰው በአካሉ ሳይሆን በዕውቀቱ ሲከበር የኖረበት አገር፣ ዛሬ ዓይነ ስውር ልጁን በቤት መደበቅ አይገባውም።

የመሪዎች ድርሻ

የገበሬ ማኅበራት ለትምህርት የሠሩት ሥራ አዲስ አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ዳስ የጣሉት፣ መቀመጫ የደለደሉትና ለአስተማሪዎቹ ማደሪያ የሰጡት ማኅበራቱ ነበሩ። ዘመቻው እስከ 15 ቋንቋዎች ደርሶ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። በዚያን ጊዜ ጥያቄው ሰው ያንብብ የሚል ነበር። የዛሬው ጥያቄ ደግሞ ልጁ የሚያነበው ምን ይሁን የሚል ነው።

ከዚህ አኳያ መሪዎች ሊሠሩ የሚችሉት ብዙ ነው። በመጀመሪያ፣ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጋር ሆነው የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት በዓመት አንድ ጊዜ መመልከት ይችላሉ። ትምህርት ቤቱ የድጎማ ገንዘብ ሲያገኝ ወይም ኅብረተሰቡ መዋጮ ሲያዋጣ፣ ከጣሪያና ከወንበር ቀጥሎ ለተረት መጽሐፍ የሚሆን እንዲመደብ ማድረግ አለባቸው። ባለ እጆች፣ አካል ጉዳተኞችና ሴት አርሶ አደሮች ክፍል ገብተው ስለ ሥራቸው ለልጆች እንዲያወሩ መጋበዝ ምንም ወጪ አይጠይቅም። አረጋውያን ተረት እንዲነግሩ፣ ተማሪዎችም እንዲጽፉ ቢደረግ ለትምህርት ቤቱ የራሱ የሆነ የንባብ ክምችት ይፈጠራል። በኅብረት ሥራ ማኅበሩ የተራገፈው የማዳበሪያ ከረጢት ለትምህርት ቤቱ ቢሰጥ ጉዳት የለውም።

አንዳንድ ሰው ሆድ ሳይሞላ ስለ ተረት ማውራት ቅንጦት ነው ሊል ይችላል። በስማዳና በታች ጋይንት ቆላዎች ዝናብ እየከዳ ብዙ ቤተሰብ በሴፍቲኔት ሲረዳ መኖሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን ባለ እጁ በስድብ ምክንያት ከቀበሌው ሲለቅ፣ ልጅቷ በ13 ዓመቷ ስትዳር፣ የአካል ጉዳተኛው ችሎታ ቤት ውስጥ ሲቀር የሚጎድለው የገበሬው ጎተራ ነው። የክልሉ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም ይዟል። በመሬቱ ደብተር ላይ ስሟ የሰፈረ እናት በልጇ መጽሐፍ ውስጥ በማጀት ብቻ መታየት አይገባትም።

ወቅቱ ለትምህርት አመቺ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች ከትምህርት ርቀዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጁ ብቸኛ ክፍል ምድጃው ዳር ይሆናል። መምህሩ አያቱ፣ መጽሐፉም የአያቱ ተረት ነው። ስለዚህ የዘር መረጣው ሥራ የክፍሉ በር እስኪከፈት የሚጠብቅ አይደለም። ዛሬ ማታ እሳቱ ዳር የሚቀመጡ አባትና እናት፣ ተረቱን ጨርሰው «የተጎዳው ማን ነው?» ብለው ልጆቻቸውን ቢጠይቁ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።